የመልሱ መንገድ

በዛሬው ጽሑፌ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ መንገድ ነው፤ ያውም ብዙዎቻችን ከቁም ነገር ስለማንቆጥረው ስለ መልሱ መንገድ።

እስቲ ልብ በሉ። አንድ ቤተሰብ ራቅ ወዳለ ስፍራ ሊጓዝ ሲነሣ በብዙ ጸሎት ይሸኛል። የጸሎት ቡድኑ ይማልዳል፣ ሽማግሌዎች ይባርካሉ፣ ጎረቤቱም «በሰላም ግቡ» ይላል። ጉዞው ሊያበቃ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው ግን ስለ መንገዱ የሚያስብ የለም። ተጓዦቹም እንኳ አያስቡም። ገንዘቡ ተመናምኗል፣ ልብሱ ቆሽሿል፣ ልጆቹ ይነጫነጫሉ። አባት ሥራውን፣ እናት የቤቷን ጣጣ ማውጠንጠን ጀምረዋል። አካላችን ገና መንገድ ላይ ነው፤ ልባችን ግን ቤት ገብቷል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ያለውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ዮሴፍና ማርያም በየዓመቱ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር። ጌታ ኢየሱስ 12 ዓመት በሆነው ጊዜ በዓሉ አብቅቶ ወደ ናዝሬት ሲመለሱ፣ እርሱ በኢየሩሳሌም ቀረ። እነርሱ ግን ከዘመድ ወዳጁ ጋር የሚመጣ ስለ መሰላቸው የአንድ ቀን መንገድ ተጓዙ። ያገኙትም ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እያለሁ ይህንን ክፍል ስናጠና ትኩረታችን በቤተ መቅደሱ ውስጥ በነበረው ጥያቄና መልስ ላይ ነበር። እናት ከሆንኩ በኋላ ግን ዓይኔ የሚያርፈው በዚያች በአንድ ቀን መንገድ ላይ ሆኗል። በሕዝብ በተጨናነቀው በዓል መካከል ያላጡትን ልጅ በመልሱ መንገድ ላይ አጡት። እንግዲህ አብሮን ያለ የሚመስለን ሰው ሁሉ አብሮን ላይኖር ይችላል ማለት ነው።

ይህ ነገር በራሳችን ቤተሰብ ጉዞ ላይ እንዴት እንደ ገጠመን ልንገራችሁ። የምጽፈው በባለቤቴና በበኩር ልጄ ፈቃድ ነው።

ከአቃቂ እስከ ባሕር

የምንኖረው አቃቂ በሰቃ ነው። ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ የሚያልፈውን ዋና መንገድ ቀንም ሌሊትም ከባድ መኪና አይለየውም። ልጆቻችን ያደጉት «ይህ መንገድ የት ይደርሳል?» ብለው እየጠየቁ ነው። ባለቤቴም «ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ ከታጠፋችሁ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ፣ ልባችሁ ከፈቀደ ደግሞ እስከ ኬፕታውን» ይላቸው ነበር። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የተወጠነው የአፍሪካ አውራ ጎዳና በአዲስ አበባና በሞያሌ በኩል የሚያልፍ ነው።

ባለቤቴ በመጋቢነት ሲያገለግል ለአምስት ዓመታት ያህል ዕረፍት ወስዶ አያውቅም ነበር። በ2011 ዓ.ም ክረምት ሽማግሌዎች የሁለት ሳምንት ዕረፍት ፈቀዱለት። ናይሮቢ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ኑ እያለ ሲወተውተን ቆይቷል፤ ሁለት ዓመት የጣልነው ዕቁብም ደረሰን። ዕድሜዋ ከበኩር ልጃችን የሚበልጠውን ቶዮታችንን መካኒክ አሳየናት፤ በጎረቤት አገሮች የሚሠራውን የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የተባለውን የመኪና መድንም ገዛን። ለልጆቹ ያልነገርናቸው አንድ ምክንያት ደግሞ ነበረን። በኩራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤት ትጠባበቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ አምስታችን በአንድ መኪና ተሳፍረን እንዲህ የምንጓዝበት ጊዜ መቼ እንደሚገኝ አናውቅም ነበር።

በነሐሴ ዝናብ ከአቃቂ ወጥተን፣ ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ሞያሌን ተሻግረን፣ ሌላ ያንኑ የሚያህል መንገድ ተጉዘን ናይሮቢ ደረስን። ኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ልጆቹን የገረማቸው ደግሞ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከማለዳ መሆኑ ነው። እስከ ሞምባሳ ወርደን ልጆቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር አዩ። ትንሿ ልጃችን ውሃውን ቀምሳ «ማን ነው ይህን ሁሉ ጨው የጨመረበት?» ስትል የሳቅነውን ሳቅ እስከ ዛሬ አንረሳውም። ክብሩ ሁሉ ለጌታ ይሁን፤ እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ መልካም ነበር።

ሞያሌ ላይ የጮኸው ስልክ

ረቡዕ ማለዳ ከናይሮቢ ለመልሱ ተነሣን። ዕቅዳችን ቅዳሜ ማምሻውን አቃቂ ገብተን ባለቤቴ እሑድ እንዲያገለግል ነበር። ናንዩኪ ከተማ ላይ የምድር ወገብን ተሻገርን፤ ከኢሲዮሎ በኋላ ያለውን ሰፊ በረሃ አቋርጠን ማርሳቢት አደርን። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሞያሌ ደረስን። በሁለቱም ወገን ያለውን ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ጨርሰን የአገራችንን አፈር ስንረግጥ ልጆቹ አጨበጨቡ። መኪናችንም ወደ ቀኟ ተመለሰች። መካከለኛው ልጄ «አባዬ፣ ቀኝህን ያዝ!» እያለ በየደቂቃው ያስታውስ ነበር።

ባለቤቴ የኢትዮጵያ ሲም ካርዱን ስልኩ ውስጥ እንዳስገባ መልእክቱ ይጎርፍ ጀመር። ከሁሉ የከበደው አንዱ ነበር። በጉባኤያችን ለብዙ ዘመን በጸሎት ያገለገሉ አንዲት እናት በዚያው ማለዳ ወደ ጌታ ተጠርተዋል። ቀብሩ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤታቸው የጉባኤያችን አንጋፋ ሽማግሌ ናቸው።

አንባቢዎቼ፣ በእኛ አገር ለአንድ መጋቢ ከቀብር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ ሒሳቡን በልቡ ሠራ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢነዳ ዓርብ ንጋት ላይ አቃቂ ይደርሳል። ምንም ሳይናገር ነዳጁን ረገጠው። ልጆቹ ውሃ እንጠጣ፣ ሽንት ቤት እንሂድ ሲሉ «ትንሽ ቆዩ» ይላቸዋል። ስልኩ ይጮኻል፤ መኪናውን ዳር ይይዛል፤ አውርቶ እንደገና ይበራል። ሜጋ ከመድረሳችን በፊት መኪናው ውስጥ ያለው ዝምታ ለቅሶ ቤት መሰለ። እኔም በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ነፍሳችንን ጠብቅ» እያልኩ እጸልይ ነበር። በዚያ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ ከብት መንገዱን ይሞላዋል፤ ደግሞም ባለቤቴ ከእኛ በቀር ሌላ ተለዋጭ ሹፌር አልነበረውም፤ እኛ ደግሞ መንዳት አንችልም።

በዚህ መካከል በኩራችን ከኋላ ወንበር ቀስ ብላ «አባዬ፣ አንተ አቃቂ ቀድመኸን ገባህ እንዴ?» አለችው።

ቁጣ አልነበረበትም፤ ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ብቸኝነት ነው። ባለቤቴ በመስተዋቱ ተመለከታት። መልስ አልሰጠም፤ ነገር ግን ፍጥነቱን ቀነሰ።

የዱብሉቅ ጉድጓድ

ሜጋን አልፈን ዱብሉቅ ስንደርስ መኪናውን አቆመ። ዱብሉቅ ቱላ ከሚባሉት ከጥንታውያኑ የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አንዱ የሚገኝበት ስፍራ ነው። ወጣቶች ከጉድጓዱ ግርጌ ጀምሮ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ውሃውን በባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወጡታል፤ ሲያወጡም በኅብረት ያዜማሉ። ከላይ ከብቱ ተራውን ይጠብቃል። በቦረናዎች ዘንድ ተራውን የሚቆጣጠር አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ፤ ውሃ የጠማው ሁሉ ዘሎ አይገባም።

ልጆቹ በአድናቆት ቆመው ሲመለከቱ አንድ መንጋ ውሃውን ጠጥቶ ወደ መንገዱ ወጣ። ከመጨረሻ አንዲት ጥጃ እየተንገዳገደች ትከተላለች። እረኛው በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመታት፣ መንጋውን ሁሉ በእርሷ እርምጃ ያስኬድ ነበር።

ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሁለት ቦታ ደወለ። መጀመሪያ ለአገልጋይ ባልደረባው ደውሎ የቀብሩን ሥርዓት እርሱ እንዲመራ ለመነው። ቀጥሎ ሐዘንተኛው ሽማግሌ ጋ ደወለ። የት እንዳለ ነገራቸው፤ ከልጆቹ ጋር በሌሊት መንዳት እንዳልደፈረ ሳይሸፍን አስረዳቸው። ከዚያም ሁላችንን ሰበሰበን። በመኪናችን ዙሪያ ቆመን ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ እርሱ ጸለየላቸው፤ በኩራችን ጸለየች፤ ትንሿም «ጌታ ሆይ፣ አባባን አጽናናቸው» አለች። ከወዲያ በኩል የሽማግሌው ልቅሶ ይሰማን ነበር። ሲጨርሱ «በሉ ልጆቼ፣ ቀስ ብላችሁ ኑ፤ ለቅሶው የትም አይሄድም» አሉን።

ያን ሌሊት ያቤሎ አደርን። ከመተኛታችን በፊት ባለቤቴ ዘፍጥረት ምዕራፍ 33ን አወጣ። ያዕቆብ በላባ ቤት 20 ዓመት አገልግሎ ወደ አባቱ አገር ሲመለስ ያለውን ታሪክ አነበበልን። ዔሳው 400 ሰዎች አስከትሎ መጥቶ አብረን እንሂድ ሲለው፣ ያዕቆብ ልጆቹ ለጋ እንደሆኑና የሚያጠቡ ከብቶችም እንዳሉት ነገረው። አንድ ቀን በጥድፊያ ቢነዳቸው መንጋው እንደሚያልቅበት ያውቅ ነበር። ስለዚህ ወንድሙ ቀድሞ እንዲሄድ ለምኖ፣ እርሱ ግን በልጆቹና በከብቶቹ እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ ሊከተል መረጠ። መካከለኛው ልጄ «የዛሬው እረኛም ያዕቆብ ነበር ማለት ነው» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ከሞያሌ ወዲህ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

የሐዋሳ ምሽት

ዓርብ በቡሌ ሆራና በዲላ በኩል ሐዋሳ ገባን። ባለቤቴ ቀብሩ በሚፈጸምበት ሰዓት መኪናውን አቁሞ ዝም ብሎ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጠ። ሸክሙ ቀልሎለት ነበር ብዬ አልዋሻችሁም።

አመሻሹ ላይ ሐይቁ ዳር ወጣን። ታናናሾቹ ልጆች ከእኔ ጋር ወፎቹን ሲያባርሩ፣ በኩራችን ከአባቷ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሲነጋገሩ አየሁ። ምን እንዳለችው የሰማሁት ሌሊት ነው።

«አባዬ፣ ካምፓስ መግባት ያስፈራኛል። የምፈራው ትምህርቱን አይደለም። እዚያ ማንም የመጋቢው ልጅ አይለኝም። የእኔ ነው የምለው እምነት ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። ያንተን ለብሼ ነው ያደግሁት» ብላው ነበር።

ስብከት ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው፣ በዚያች ሰዓት ስብከት አላወጣም። «ይህን ስለ ነገርሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላት። እርሱም በወጣትነቱ የተጠራጠረበትን ዘመን፣ ማንም ሳያውቅለት ጌታን የጠየቀውን ጥያቄ አጫወታት። እስኪጨልም ቆዩ። ተነሥተው ሲመጡ ክንዷን ይዞ ነበር።

አስቡት እንግዲህ። ያ ጥያቄ በልጃችን ልብ ውስጥ ናይሮቢም ነበረ፣ ሞምባሳም ነበረ። አሥር ቀን ሙሉ በአንድ መኪና ስንጓዝ አላወጣችውም። የወጣው ጉዞው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ልጆቻችን ከልባቸው የሆነውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚያወጡት በመጨረሻ ነው፤ አባትና እናት ቀድመው ቤት ከገቡ ግን የሚሰማቸው አይኖርም።

ቅዳሜ በሻሸመኔና በዝዋይ በኩል ሞጆ ደርሰን፣ ፈጣን መንገዱን ይዘን ቱሉ ዲምቱ ስንወጣ ዝናቡ ተቀበለን። ዕቃ አውርደን፣ ልብስ ቀይረን፣ አምስታችንም ወደ ሐዘን ቤቱ ሄድን። ከቀብሩ የተመለሰው ሕዝብ አብዛኛው ወደየቤቱ ሄዷል፤ ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሽማግሌው ባለቤቴን ከጎናቸው አስቀምጠው «ትናንት ብትመጣ ኖሮ በሕዝቡ መካከል አላይህም ነበር፤ ዛሬ ነው ሰው የሚያስፈልገኝ» አሉት። እስከ እኩለ ሌሊት አብሯቸው ቆየ። እሑድ ጠዋትም በሰዓቱ መድረክ ላይ ነበር።

ፍጻሜው ለምን ይከብዳል?

ጠቢቡ በመክብብ 7፥8 ላይ የነገርን ፍጻሜ ከመጀመሪያው አስበልጦ ይናገራል። የሥነ ልቦና ሰዎችም ከብዙ ዘመን በኋላ ወደዚህ የሚጠጋ ነገር አግኝተዋል። ዳንኤል ካነማን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ60 ሴኮንድ እንዲያቆዩ ተደረገ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ያንኑ 60 ሴኮንድ ከቆዩ በኋላ ሌላ 30 ሴኮንድ ተጨመረባቸው፤ በተጨመረው ጊዜ ግን ውሃው በ1 ዲግሪ ያህል ሞቅ እንዲል ተደረገ። ከሁለቱ የትኛው ይደገምላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ የመረጡት ረጅሙን ነው። ሕመሙ የበዛው በረጅሙ ሆኖ ሳለ፣ አጨራረሱ ስለተሻለ በትዝታቸው ቀለለ። የሰው ልብ ያሳለፈውን ነገር ሲያስታውስ ለፍጻሜው ትልቅ ስፍራ ይሰጣል ማለት ነው።

ባልና ሚስት ሆይ፣ የሁለት ሳምንት መልካም ጊዜ በሁለት ቀን ጭቅጭቅ ሊበላሽ ይችላል። ደግሞም ይህ ነገር ኬንያ ለሚሄድ ብቻ የሚነገር አይደለም። ለመስቀል ወላይታ ወይም ጉራጌ ወርዳችሁ፣ ለገና ወለጋ ቤተሰብ ጠይቃችሁ ስትመለሱም ያው ነው። ስለዚህ በጌታ ፍቅር ጥቂት ልምከራችሁ።

አንደኛ፣ ስለ መልሱ መንገድም ጸልዩ። ዕዝራ በአኅዋ ወንዝ አጠገብ ጾም ያወጀው ስለ ሕዝቡ፣ ስለ ሕፃናቱና ስለ ንብረታቸው የቀና መንገድ ለመለመን ነበር (ዕዝ. 8፥21)። ያ ጉዞ ወደ አገር ቤት የሚመለሱበት ጉዞ እንደነበር አትርሱ።

ሁለተኛ፣ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ለይታችሁ አስቀምጡ። በባዶ ኪስና በራበው ሆድ የሚደረግ ጉዞ ለጠብ በር ይከፍታል። እኛ ያቤሎ ለማደር የቻልነው ለክፉ ቀን ብለን በፖስታ ያሸግነው ብር ስለነበረ ነው።

ሦስተኛ፣ ቤት በምትገቡበት ቀንና ሥራ በምትጀምሩበት ቀን መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ይኑር። ለአገልጋዮች ደግሞ ይህን በተለይ እላለሁ። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ለመጋቢያችሁ ዕረፍት ስትሰጡ የመመለሻውንም ቀን ጨምሩለት።

አራተኛ፣ ስልኩ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ጉዳዩን ከቤተሰቡ አትደብቁት። ሐዘኑን ልጆቻችን አብረውን ስለ ጸለዩበት የአባታቸው አገልግሎት አባታቸውን የሚነጥቃቸው ባላጋራ አልመሰላቸውም፤ የእነርሱም ሆነ።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገራችን የየብስ ድንበሮች ተዘጉ። የባለቤቴ ወንድምም ኑሮውን ወደ ሌላ አገር ቀየረ። እስከ ዛሬ አምስታችን እንደዚያ አብረን አልተጓዝንም። በኩራችን በተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ በክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ጌታን የራሷ አድርጋ አገኘችው፤ ተመርቃም ሥራ ይዛለች። ሁሉ ጥያቄዋ ተመልሷል አልልም። የሚከብዳት ነገር ሲገጥማት ግን አስቀድማ የምትደውለው ለአባቷ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት ይህን ጽሑፍ የምታነብበው ከጉዞ ልትመለስ ስትሰናዳ ይሆናል። ወይም ልጆችህ አድገው ከቤት ሊወጡ ጥቂት ጊዜ ቀርቷቸው ይሆናል፤ ያም ቢሆን የመጨረሻ ቀናት ነው። የሚጠብቅህ ሥራ ይጠብቅህ። ዔሳው ይቅደም። ከኋላህ የሚመጡትን ዞር ብለህ ተመልከት፤ እርምጃህንም በእነርሱ ልክ አድርግ።

መንገዳችንን የሚያቀና ጌታ መውጣታችሁንም መግባታችሁንም ይጠብቅ። ተባረኩ!